ከረጢቱን የያዘው እጅ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

ዛሬ የማወራችሁ ስለ ገንዘብ ነው፤ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዝ ውስጥ የሕፃናት ማሳደጊያውን፣ የሆስፒታሉንና የወህኒውን ወጪ ማን ይከፍል እንደነበር። አይዟችሁ፣ መዋጮ ልጠይቅ አይደለም።

በፈረንጆቹ 1742 ለንደን ውስጥ እናቶች ሕፃናት አቅፈው ተሰልፈዋል። ቦታው ቶማስ ኮራም የተባለ የመርከብ ካፒቴን ለዓመታት ደጅ ጠንቶ በ1739 የንጉሥ ፈቃድ ያገኘለት የሕፃናት ማሳደጊያ ነው። እያንዳንዷ እናት እጇን ከረጢት ውስጥ ትከታለች። ነጭ ኳስ ከወጣላት ልጇ ይመረመራል፤ ጤነኛ ከሆነ ይገባል። ቀይ ከሆነ ትጠብቃለች። ጥቁር ከሆነ ልጇን ይዛ ትመለሳለች።

ጨካኞች ስለነበሩ አይደለም። ገንዘቡ ከለጋሾች ኪስ ስለሚመጣ ቦታው ለሁሉም አይበቃም። በ1756 ፓርላማው ገንዘብ እሰጣለሁ አለ፣ ግን የመጣ ሕፃን ሁሉ ይግባ ብሎ። አራት ዓመት ባልሞላ ጊዜ 15,000 ገደማ ሕፃናት ገቡ። ከግማሽ በላዩ ሞቱ። ፓርላማውም በ1760 እጁን ሰበሰበ።

ሆስፒታሎቹም በመዋጮ ነበር የሚኖሩት። በየዓመቱ የተወሰነ ገንዘብ የሚከፍል ሰው የአስተዳደር አባል ይሆናል። ድምፅ ይሰጣል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ በሽተኛ የመላክ መብት ያገኛል። ድሃው ሕመሙ ብቻ አያስገባውም፣ የአንድ ባለመዋጮ ደብዳቤ ያስፈልገዋል። የድጋፍ ደብዳቤ ፍለጋ መንከራተት ለእኛም እንግዳ ነገር አይደለም መቼም! የማይድን በሽተኛ ብዙ ጊዜ አይፈለግም ነበር። በዓመቱ ሪፖርት ላይ «ድነው ወጡ» የሚለው ቁጥር ከፍ ሲል ነው መዋጮው የሚመጣው።

ቶማስ ጋይ ግን ለየት ይላል። መጽሐፍ ሻጭ ነበር። በ1720 የሳውዝ ሲ ኩባንያ አክሲዮን ዋጋ ሰማይ ሲነካ፣ ሳይወድቅ በፊት ሸጦ ወጣ። በዚያ ሀብት የተሠራው ሆስፒታል በ1725 ሲከፈት የባለመዋጮ ፊት ማየት አላስፈለገውም። ስለዚህ ሌላው የሚመልሰውን፣ ተስፋ የተቆረጠበትን በሽተኛ ለመቀበል ታስቦ ተቋቋመ።

ወደ ወህኒው ስንሄድ ነገሩ ይብሳል። እዚያ የሚከፍለው እስረኛው ራሱ ነው። ሲገባ ይከፍላል፣ ለአልጋ ይከፍላል፣ እግር ብረቱ እንዲቀልለት ይከፍላል፣ ሲወጣም ይከፍላል። የወህኒ ኃላፊነት እንደ ሱቅ ይሸጥ ነበር። ቶማስ ባምብሪጅና አጋሩ በ1728 ለንደን ውስጥ ያለውን የፍሊት እስር ቤት የኃላፊነት ሹመት በ5,000 ፓውንድ ገዙ። ገንዘቡን ከማን ሊያወጡ? በዕዳ የታሰረ ሮበርት ካስል የሚባል የሥነ ሕንፃ ሰው ክፍያው አቃተው። ፈንጣጣ ወዳለበት ቤት ተላከና ሞተ። ወዳጁ ጄምስ ኦግልቶርፕ የፓርላማ አባል ነበርና በ1729 ምርመራ ተጀመረ። ባምብሪጅ በነፍስ ግድያ ተከሶ ነፃ ወጣ።

ከ40 ዓመት በላይ አለፈ። በ1773 ጆን ሃዋርድ የቤድፎርድሺር አውራጃ ሸሪፍ፣ ማለትም የአውራጃው ወህኒ የሚመለከተው ሹም፣ ሆነ። ፍርድ ቤት ነፃ ያላቸው ሰዎች የኃላፊውን ክፍያ ስላልከፈሉ ተመልሰው ሲታሰሩ አየ። ለአውራጃው ዳኞች «በክፍያው ፋንታ ለኃላፊው ደመወዝ መድቡለት» አላቸው። እነሱም፣ ቢሮክራሲ ድሮም ቢሮክራሲ ነው፣ ሌላ ቦታ የተደረገበትን ማስረጃ አምጣ አሉት። ፈረሱን ጭኖ የጎረቤት አውራጃዎችን ዞረ። አንድም አላገኘ። ያገኘው ያንኑ ግፍና «የወህኒ ትኩሳት» የሚባለውን ተስቦ ነው። ልብሱ ስለሚሸት በተዘጋ ሠረገላ መሄድ ትቶ በፈረስ ይጓዝ ነበር።

በ1774 ፓርላማው ሁለት ሕጎች አወጣ። አንዱ ነፃ የተባለ ሰው ያለክፍያ እንዲለቀቅ፣ ሌላው ወህኒዎች እንዲጸዱ። ሃዋርድ ግን ቤቱ አልተቀመጠም። ሕጎቹን በራሱ ገንዘብ አሳትሞ ለየአውራጃው ወህኒ ኃላፊዎች ላከ። ከዚያ ፈረሱን ዳግም ጭኖ፣ ማን እንደፈጸመ ማን እንዳልፈጸመ ሊያይ ወጣ።

አመሰግናለሁ። ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።