የተዳፈነ እሳተ ገሞራ

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬም ብቻዬን ነኝ። ጋቢዬን ደርቤ ደብረ ብርሃን ቁጭ ብያለሁ። ድምፄ ከተንቀጠቀጠ ብርዱ ነው፣ ማይኩ አይደለም።

ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳኝ ጌም ነው። ኦክስጅን ኖት ኢንክሉድድ ይባላል፤ ክላይ የተባለ የካናዳ ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያወጣው። አለት ሆድ ውስጥ ሦስት ሰዎች ይሰጡሃል። አየሩን፣ ውሃውን፣ ምግቡን፣ መብራቱን አንተ ታሟላለህ። መብራቱን በከሰል ስገፋው ቆየሁ። ከሰሉ እያለቀ ሲመጣ ስቆፍር እሳተ ገሞራ አገኘሁ። ጮቤ ረገጥኩ።

ነገሩ ቀላል መስሎኝ ነበር። ቅልጡ አለት ሲወጣ ከ1,700 ዲግሪ በላይ ነው። የእንፋሎት ተርባይኑ፣ በእንፋሎት ዞሮ መብራት የሚያመነጨው ማሽን፣ ለመነሳት የሚፈልገው 125 ብቻ። እንፋሎቱን ይጠጣና 95 ዲግሪ የሆነ ውሃ ይመልስልሃል። እንፋሎቱ 200 ሲደርስ ደግሞ 850 ዋት ይሰጣል። ስለዚህ እሳተ ገሞራው አፍ ላይ ውሃ ደፋሁ፣ ተርባይኑን ከላይ ጎለትኩት፣ እጄን አጣጥፌ ጠበቅሁ።

ቆመ። ለካ ተርባይኑ ራሱ ከ100 ዲግሪ ካለፈ አይሠራም። እሳት ላይ ተጥዶ እሳት አይወድም! ቦታ ቀየርኩለት። አሁንም ቆመ። ሦስት ጊዜ አፍርሼ ሠራሁት፤ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም። አንዷ ልጄ ልትጠግን ገብታ በእንፋሎት ተቃጥላ ወጣች። የጌሙን ልጅ ነው የምለው፣ አትደንግጡ።

ያን ማታ መንዝ ያለችው አያቴ ትዝ አለችኝ። ልጅ ሆኜ ክረምቱን እሷ ጋ ነበር የማሳልፈው። እራት ተበልቶ ሲያበቃ ፍሙን ወደ ምድጃው መሃል ትሰበስባለች። ቁራሽ ኩበት ጣል ታደርግበታለች። ከዚያ አመዱን ትመልስበትና በማማሰያው ጀርባ መታ መታ ታደርገዋለች። ጠዋት ጫር ስታደርገው ከሥሩ ቀይ ፍም ብቅ ይላል። እፍ ስትልበት ተያያዘ። ክብሪት የለ፣ ምን የለ።

እኔ እሳቱን አላዳፈንኩትማ! ሁሉንም ባንዴ ልበላው ነው የሮጥኩት።

እንደገና ጀመርኩ። ቅልጡን አለት ሙቀት በማያስተላልፍ ግድግዳ አጠርኩት። በእሱና በእንፋሎቱ ክፍል መካከል የብረት በር አቆምኩ፤ በበሩ ዙሪያ ያለውን አየር በሙሉ መጥጬ አወጣሁ። ጌሙ ውስጥ ባዶ ቦታ ሙቀት አያሻግርም፤ ያ ነው አመዴ። የሚገርመው በሩ ነው። ሲዘጋ ብረቱ ሁለቱን ወገን ይነካና ሙቀቱ ያልፋል። ሲከፈት መሃሉ ባዶ ይቀራል፣ ሙቀቱ ይቋረጣል። እሳቱን ለማቆም በር ትከፍታለህ! ይሄን ለመረዳት ሁለት ሌሊት ፈጅቶብኛል። አሁን እንፋሎቱ 200 ሲያልፍ በሩ ራሱ ይከፈታል፣ ሲቀንስ ይዘጋል።

ተርባይኑን የሚያቀዘቅዘው መሣሪያ ደግሞ 1,200 ዋት ይበላል። ከተርባይኑ ምርት ይበልጣል፣ አዎ። ግን ሁልጊዜ አይሠራም። የሚያወጣውን ሙቀትም እንፋሎቱ ክፍል ውስጥ ስለምታስቀምጠው እዚያው ይመለሳል።

በነገራችን ላይ ይሄ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። አንኮበር ጫፍ ላይ ቆማችሁ ወደ ምሥራቅ ብታዩ ከታች የአዋሽ በረሃ ነው፣ የፈንታሌና የዶፈን እሳተ ገሞራዎች አገር። በ2017 ታኅሣሥ መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ቡፌ ውስጥ ያለው ብርጭቆ ሲንጫጫ ሰምቻለሁ። አሉቶ ላንጋኖ ደግሞ ከ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ 7 ሜጋ ዋት ገደማ የማመንጨት አቅም ያለው ጣቢያ አለ። እዚያም ቅልጥ አለት የሚነካ የለም። ወደ 2 ኪሎ ሜትር ጥልቀት ተቆፍሮ፣ ከ300 ዲግሪ በላይ የሞቀውን ውሃና እንፋሎት ነው የሚያወጡት። መሬት ራሷ አዳፍናዋለች።

የኔው እሳተ ገሞራ አሁን ተኝቷል። ቶሎ የሚነሳ አይመስልም። ተርባይኑ ግን ይዞራል፣ ከተጠራቀመው ትኩስ አለት በጥቂት በጥቂቱ እየወሰደ።

እሁድ ለአያቴ ስደውልላት፣ «እማማ፣ እሳት ማዳፈን ቻልኩ እኮ» አልኳት።

«አንተ ልጅ፣ ኮንዶሚኒየም ላይ ምድጃ አለህ እንዴ?» አለችኝ።