ንጉሥ ሲሞት ወራሹ ማን ነው? የአድማጮች ጥያቄና መልስ ከደሴ

በሬዲዮው የጥያቄና መልስ ሰዓት ርዕሳችን «ብዙ ዘመን የነገሠ ንጉሥ ሲሞት ምን ይሆናል?» የሚል ነበር። ስልኩ አላርፍ አለ። ከደሴም፣ ከኮምቦልቻም፣ ከሐይቅም ደወላችሁ። ሰዓቱ ስላልበቃን በአየር ላይ የመለስኩትንም ያልደረስኩበትንም አንድ ላይ ጻፍኩት።

የታሪክ አስተማሪ ስለሆንኩ አንድ ነገር ሳልናገር አልጀምርም። ዓመተ ምሕረት ስትጠቅሱ የማን አቆጣጠር እንደሆነ ተናገሩ። ግማሹ ክርክራችሁ ሰባትና ስምንት ዓመት ከመደባለቅ የሚመጣ ነው። እዚህ የጻፍኩት በእኛ አቆጣጠር ነው። የአውሮፓ ሲሆን እናገራለሁ።

ከፒያሳ፦ አንዱ ንጉሥ ሞቶ ሌላው እስኪነግሥ አገሩ ያለ ንጉሥ ይቆያል?

እንደ አገሩ ነው። በእንግሊዝ አንድ ደቂቃም ክፍተት የለም። ንግሥት ኤልሳቤጥ 70 ዓመት ነግሠው ጳጉሜን 3 ቀን 2014 ሲያርፉ ልጃቸው ቻርልስ በዚያችው ቅጽበት ንጉሥ ሆኑ። ዘውድ የጫኑት ግን ሚያዝያ 28 ቀን 2015 ነው። መንገሥና ዘውድ መጫን ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፣ ይህን ያዙልኝ። በታይላንድ ደግሞ ንጉሥ ፑሚፖን ጥቅምት 3 ቀን 2009 ሲሞቱ ወራሹ «መጀመሪያ ልዘን» ብለው ጊዜ ጠየቁ። እስከዚያ አንድ ሽማግሌ በእንደራሴነት ጠበቁ። የአስከሬኑ ሥርዓት የተፈጸመው ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። በሁለቱም አገር ችግር አልተፈጠረም፤ ወራሹ ማን እንደሆነ ሁሉም ያውቅ ነበራ።

ንጉሥ ሞተ ሲባል የመጀመሪያው ጥያቄ «እንዴት ሞተ?» አይደለም። «ወራሹ ቀድሞ ታውቆ ነበር ወይ?» ነው። ዛሬ ይህን ደጋግሜ እላለሁ።

ከሐይቅ፦ በእኛ አገር የሚወርሰው ሁልጊዜ የመጀመሪያው ልጅ ነበር?

አልነበረም። ከዘሩ መሆን ግድ ነው፤ ከዘሩ ማን የሚለው ግን ክፍት ነበር። በየዓመቱ መስከረም 21 ግሸን የምትወጡ ሰዎች ይህን ታሪክ በእግራችሁ ረግጣችሁታል። አምባሰል ላይ ያለው ያ አምባ የነገሥታቱ ወንድ ዘሮች ይጠበቁበት የነበረ ቦታ ነው። ንጉሥ ሲሞት መኳንንቱ ሰው ልከው አንዱን ያወርዱና ያነግሡታል። ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከዚያ አምባ ወርደው ነው 34 ዓመት የገዙት። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኢማም አሕመድ ጦር አምባውን እስኪይዝ ድረስ ሥርዓቱ እንደዚህ ነበር። በጎንደር ዘመን ደግሞ ወህኒ አምባ ተተካ።

ጭካኔ አለበት። ሰው የንጉሥ ዘር ሆኖ ስለተወለደ ብቻ ዕድሜውን አምባ ላይ ይፈጅ ነበር። ያደረጉት ግን ወራሽ ሳይታወቅ የሚመጣውን እልቂት ስለሚፈሩ ነው።

ከሸዋበር፦ የዐፄ ምኒልክ ሞት ተደብቆ ነበር የሚባለው እውነት ነው? ደሴንስ ምን አገባት?

እውነት ነው። ደሴንማ ከማንም በላይ ያገባታል!

ዐፄ ምኒልክ ሕመሙ ሲጠናባቸው በ1901 የልጃቸውን የሸዋረጋን ልጅ ኢያሱን ወራሽ አደረጉ። አባቱ የኛው ራስ ሚካኤል ናቸው። ልጁ ገና ለአቅመ አዳም አልደረሰም፤ ስለዚህ ራስ ቢትወደድ ተሰማ ናደው እንደራሴ ሆኑ። እቴጌ ጣይቱ በ1902 ከሥልጣን ገለል ተደረጉ። በ1903 ራስ ተሰማ ሞቱ። ሌላ እንደራሴ አልተተካም። ንጉሡ አልጋ ላይ ናቸው፤ መናገር አይችሉም። እንግዲህ አገሩን ማን ነው የሚመራው?

ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ምኒልክ አረፉ። ለሌላው መኳንንት ቢሆን ፈረሱ በጌጡ ተጭኖ፣ ጋሻውና ልብሱ ወጥቶ ሕዝብ ይላቀስለታል። ለእሳቸው ግን አዋጅ አልተነገረም፤ ድንኳንም አልተጣለም። አስከሬናቸው በግቢ ተቀመጠ። በወግ ያረፉት በኋላ ልጃቸው ንግሥት ዘውዲቱ ባሠሩት በታዕካ ነገሥት በዓታ ነው።

ኢያሱ ገዛ እንጂ ዘውድ አልጫነም። አባቱ ግን በግንቦት 1906 እዚሁ ደሴ ላይ ንጉሥ ተብለው ዘውድ ጫኑ። አስቡት፤ አባት ንጉሥ፣ ልጅ ዘውድ የሌለው ገዥ፣ አያት ደግሞ ያልተለቀሰላቸው ሙት። መስከረም 17 ቀን 1909 በመስቀል ዕለት መኳንንቱ ተሰብስበው ኢያሱን ሻሩ፤ ዘውዲቱን ንግሥት፣ ተፈሪን አልጋ ወራሽ አሉ። ንጉሥ ሚካኤል ጦራቸውን ይዘው ወደ ሸዋ ዘመቱ። ጥቅምት 17 ቀን 1909 ሰገሌ ላይ ተሸነፉና ተማረኩ። ከዚህ ከተማና ከዙሪያው የወጣ ስንት ገበሬ እዚያ ቀረ።

ከምኒልክ ሞት እስከ ሰገሌ ሦስት ዓመት አይሞላም። አይጠየፍ አዳራሽ አጠገብ ስታልፉ የሚካኤልን ግብር ብቻ አታስቡ። ያ ሁሉ ሰው የት እንደሄደም አስቡ። እኔ እዚህ ላይ አንድ አቋም አለኝ፤ ወሎን የጎዳት የምኒልክ ሞት አይደለም፤ ዝምታው ነው። ወራሹን ሰይመው እንደራሴ ሲሞት አልተኩም፤ ንጉሡ ሲሞቱ አልተናገሩም፤ ወራሹን ዘውድ አልጫኑለትም። ሦስቱም ዝምታ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን አወዳድሩ። ዘውዲቱ መጋቢት 24 ቀን 1922 ሲያርፉ ወራሹ ተፈሪ ነበሩ፤ ጊዜ ሳያልፍ ንጉሠ ነገሥት ተባሉ፤ ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዘውድ ጫኑ።

ከሮቢት፦ ልጅ ኢያሱ ሰልሞ ነበር? ቲክቶክ ላይ ብዙ ይባላል።

የተሻረበት ክስ ይህ ነበር። ክስ ደግሞ ፍርድ አይደለም፤ ራሱ ቀርቦ መልስ አልሰጠም። ደግሞስ በእኛ አገር፣ አንዱ ቤት ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ወንድማማች በሚኖሩበት ወሎ፣ ይህን ቪዲዮ የምትለጥፉት ማንን ለማጣላት ነው? ተዉ ልጆቼ።

ከውጫሌ፦ የውጫሌ ውል እኛ አገር የተፈረመው ለምንድን ነው?

የንጉሥ ሞት ስላመጣው ነው። ዐፄ ዮሐንስ መጋቢት 1881 መተማ ላይ ከደርቡሽ ጋር ሲዋጉ ቆስለው ሞቱ። በሞት አፋፍ ላይ ራስ መንገሻን ልጄ ነው ብለው አስታወቁ። እስከዚያ ቀን ግልጽ ወራሽ አልነበረም። ወራሽን በመጨረሻው ሰዓት መሰየም ምን ያህል እንደሚጠቅም እዩት፤ ምንም! ጦሩ ተበተነ፤ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ንጉሠ ነገሥት ነኝ አሉ።

ያን ጊዜ ምኒልክ ወሎ ውስጥ ነበሩ። የኢጣሊያው ልዑክ አንቶኔሊ ውሉን ይዞ መጣ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881፣ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ውጫሌ አጠገብ ይስማ ንጉሥ በሚባል ቦታ ተፈረመ። አዲስ ንጉሥ ዕውቅናና መሣሪያ ይፈልጋል፤ የውጭ ሰው ይህን ያውቃል። ምኒልክ ዘውድ የጫኑት ጥቅምት 25 ቀን 1882 እንጦጦ ላይ ነው። ውሉ ከዘውዱ ቀድሟል። ውሉ ያመጣውን ጦርነት ደግሞ አድዋ ላይ ታውቁታላችሁ።

ከኮምቦልቻ፣ ከቦርከና ማዶ፦ አያታችን ሲሞቱ ከሳጥናቸው ጠገራ ብርና ማኅተም ያለበት አሮጌ ደብዳቤ ተገኘ። ብሩ ላይ 1780 ይላል። በአመድና በሎሚ አጥበን አበራነው። ደብዳቤውን ላሚኔት ልናስደርገው ነው። አንድ ሰው ቤት ድረስ መጥቶ ልግዛችሁ ብሏል።

እናትዬ፣ በአንድ ጥያቄ አራት ነገር አመጣሽብኝ። ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ፤ ስለዚህ ሁላችሁም ቁጭ ብላችሁ ስሙኝ።

መጀመሪያ ብሩ። 1780 የአውሮፓ አቆጣጠር ነው። ያልኳችሁን አያችሁ? ብሩ ላይ ያለችው ሴት የኦስትሪያዋ ማሪያ ቴሬዛ ናት። 40 ዓመት ነግሣ በ1780 ሞተች። ከሞተች በኋላ ግን ብሯ አልሞተም። ነጋዴው በቀይ ባሕር በኩል ያመነው ያንን መልክ ብቻ ነበር። ሌላ መልክ ቢመቱ ማንም አይቀበላቸውም፤ ስለዚህ የሞተችበትን ዓመት እንደያዘ ብሯን መምታት ቀጠሉ። ሙሶሊኒ ሊወረን ሲዘጋጅ፣ በአውሮፓ 1935፣ የዚህችኑ ሴት ብር ሮም ላይ ያስመታ ነበር፤ እዚህ በሌላ ገንዘብ እንደማይገዛ ስለሚያውቅ። እንግዲህ 1780 ስለሚል ብቻ የዚያ ዘመን ነው አትበሉ። የእኛ ምኒልክም እንዲሁ ናቸው፤ ከሞቱ በኋላም በመልካቸው ግርሽ ሲመታ ቆይቷል። ንጉሥ ሲሞት ገንዘቡ አብሮ ይሞታል የሚል ካለ ተሳስቷል።

ሁለተኛ፣ ማጠቡ። አትጠቡ! አመድ ማለት ደቃቅ አሸዋ ነው፤ ይፈገፍጋል። ሎሚ አሲድ ነው፤ ይበላል። የከንፈሯ መስመር፣ የደረቷ ጌጥ፣ በጠርዙ ያለው ጽሑፍ እየሳሳ ይሄዳል። ብሩ 28 ግራም ያህል ነው፤ ያን ጥቁረት ስታስለቅቁ ታሪኩንም ዋጋውንም ታስለቅቃላችሁ። የታጠበው ታጥቧል፤ አብሽሪ። ከእንግዲህ በንጹሕ የጥጥ ጨርቅ ጠቅልለሽ አስቀምጪው።

ሦስተኛ፣ ላሚኔቱ። ይህ ነው የሚያስደነግጠኝ። ፎቶ ኮፒ ቤት ወስዳችሁ ማሽኑ ውስጥ ስትከቱት ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። ፕላስቲኩ በሙቀት ቀልጦ ወረቀቱ ውስጥ ይገባል። ከዚያ በኋላ አይላቀቅም። ባለሙያም አያላቅቀውም። ቀለሙ ሙቀቱን ካልቻለ ይፈዛል። ዘይታማው የማኅተም ቀለም ይበተናል። ያ ማኅተም ደግሞ ዋናው ነገር ነው። ማኅተሙ የማን ነው? ባለማኅተሙ ያን ጊዜ ራስ ነው ወይስ ንጉሥ? ሚካኤል ከ1906 በፊት ራስ፣ ከዚያ ወዲህ ንጉሥ ናቸው። ቀን ያልተጻፈበት ደብዳቤ ዘመኑ የሚታወቀው በዚህ ነው። ማኅተሙ ከጠፋ ደብዳቤው ዲዳ ይሆናል። ስኮችም አትለጥፉ፤ ሙጫው ቢጫ ሆኖ ወረቀቱን ይበላዋል። እጥፋቱ ላይ ከተቀደደ እንደተቀደደ ተዉት። በእስክሪብቶም አትጻፉበት፤ «የአያታችን» ብሎ ጥጉ ላይ የጻፈ ሰው አጋጥሞኛል።

ምን ላድርግ ካልሽኝ፦ እጅሽን ታጥበሽ አድርቂ። ደብዳቤውን ሳታጥፊ በንጹሕ ነጭ ወረቀት መሀል አድርገሽ ጠፍጣፋ ካርቶን ውስጥ አስቀምጪው። ከፀሐይ፣ ከወጥ ቤት ጭስና ከእርጥበት አርቂው። በስልክሽ ፍላሽ ሳታበሪ ከፊትም ከኋላም ፎቶ አንሺው።

አራተኛ፣ ገዥው። ለቅሶ ቤት ድንኳን ሳይነሳ የሚመጣ ገዥ አለ። ሽማግሌው እንደሞቱ ሳጥን እንደሚከፈት ያውቃል። አትሽጡለት። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር አይወጣም፤ በእናንተ እጅ ቢሆንም የመጠበቅ ግዴታ አለባችሁ። በ2014ቱ ጦርነት የደሴ ሙዚየም መዘረፉን ታስታውሳላችሁ። ስለዚህ በየቤታችሁ የቀረችው አንዲት ወረቀት ዋጋዋ ከድሮው በለጠ። ደብዳቤውን ለባህልና ቱሪዝም ባለሙያ አሳዩ። አዲስ አበባ የምትሄዱ ከሆነ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት፣ ጎራ በሉ። ከዚያ ውጭ እኔም በስልክ ሰምቼ ዋጋም ዘመንም አልነግራችሁም። ባለሙያ በዓይኑ ይየው።

ከሆጤ፦ ወሎን ይገዙ የነበሩት አልጋ ወራሽ አስፋ ወሰን ለምን አልነገሡም?

ጋሼ፣ ይህን የጠየቁት እርስዎ ስለሚያስታውሱ ነው። አልጋ ወራሹ ወሎን ለብዙ ዓመት አስተዳድረዋል። በጥር 1965 በጠና ታመው ለሕክምና ወደ አውሮፓ ሄዱ። ጃንሆይ ከ80 ዓመት በላይ ናቸው። ወሎ ረሃብ ላይ ነው። የነገሩ ክፋት፣ ሁሉም «ከጃንሆይ በኋላስ?» እያለ በሹክሹክታ ይጠይቃል፤ ጮክ ብሎ የሚመልስ የለም። በሚያዝያ 1966 የአልጋ ወራሹ ልጅ ዘርዐ ያዕቆብ ከአባቱ ቀጥሎ ወራሽ ተባለ። ዘግይቷል። መስከረም 2 ቀን 1967 ደርግ ጃንሆይን አወረደና አልጋ ወራሹን በሌሉበት ንጉሥ ይሁኑ አለ፤ በመጋቢት ዘውዱን ጨርሶ ሻረው። ተመልከቱ፤ እዚህም ዝምታው ነው ቀድሞ የመጣው።

ከአራዳ፦ ጃንሆይ መቼ ተቀበሩ?

የሞቱት ነሐሴ 21 ቀን 1967 ነው። አፅማቸው የተገኘው በ1984 ነው፤ በዓታ ቆይቶ ጥቅምት 26 ቀን 1993 ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ተቀበረ።

ከሰኞ ገበያ፦ አባታችን በጠና ታመዋል። ቤቱ የማን እንደሚሆን እንዳንጠይቅ ታላቅ ወንድማችን «ሟርት ነው» ይለናል። እርስዎ ምን ይላሉ?

ሟርት አይደለም። አባታችሁ አፋቸው የሚናገር፣ ልባቸው የሚያስብ ከሆነ በአክብሮት ጠይቋቸው፤ ወንድማችሁም አብሮ ይቀመጥ። ኑዛዜ በቃል ሹክ ተብሎ የሚያልፍ ነገር አይደለም። በጽሑፍ ይሁን፤ ምስክሮች ባሉበት ይነበብ። ስንት ምስክር፣ በምን ዓይነት ፎርም የሚለውን እኔ አልነግራችሁም። ጠበቃ ጋ ሂዱ፤ ነገ ሳይሆን በዚህ ሳምንት።