ክረምቱን ለምን እንዘጋዋለን?

የተከበራችሁ አስጎብኚዎች፣ የጀልባና የሆቴል ባለቤቶች፣ እንደምን አረፈዳችሁ።

«እንግዳ ደራሽ፣ ውኃ ፈሳሽ» እንላለን። ባሕር ዳር ሐምሌ ሲገባ ግን ውኃው ይፈስሳል፣ እንግዳው አይደርስም። የሆቴል ክፍል ባዶውን ያድራል፤ ደውሎ «በነሐሴ ብመጣስ?» ለሚለን ሰውም «መስከረም ይጥባና» እንለዋለን። እኔ በክረምት ቦርሳዬን አዝዬ ብቻዬን በጣና ዳር የምጓዝ ሰው ነኝ። ይህን መልስ እንድንተወው ልለምናችሁ መጥቻለሁ።

ለጥምቀት የመጣ እንግዳ የሚያየው ጣና ሌላ ነው። የዓመቱ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ይወርዳል፤ ሐይቁም ሞልቶ ከፍ የሚለው ክረምቱ ሊወጣ ሲል ነው። ዓሣውስ? ቀረሶና አምባዛ በሌላም ውኃ አሉ። ጣና ግን ከእርሱ በቀር የትም የማይገኙ ዝርያዎች አሉት፤ ከእነርሱም በርካቶቹ እንቁላላቸውን ለመጣል ወደ ጉማራና ወደ ሌሎቹ ገባሮች ሽቅብ የሚወጡት በዚሁ በክረምት ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 ጣናን በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት ሲመዘግበው ለጥር ወር ብቻ አልመዘገበውም። ስንቶቻችን ነን ይህን ለእንግዳ የምናወራው?

በጣና ያለውን ባሕር ገብ መሬት፣ ዘጌን፣ በነሐሴ እዩት። ዝናቡ ካባራ በኋላ ጫካው ለብቻው መዝነቡን ይቀጥላል፤ ከላይኛው ዛፍ ወደ ቡናው ቅጠል፣ ከቡናው ወደ አንገታችሁ። የቡናው ፍሬ ገና አረንጓዴ ነው፣ በእያንዳንዱ ጫፍ ጠብታ ተንጠልጥሎበታል። ያ ምንቃረ ትልቁ ወፍ በላያችሁ ሲያልፍ የክንፉን ድምፅ ትሰማላችሁ። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስትደርሱ የመቅደሱን ሥዕል የፈለጋችሁትን ያህል ቆማችሁ ታያላችሁ፤ ከኋላ «ቶሎ በሉ» የሚል የለም። እስከ ነሐሴ አጋማሽ ፍልሰታ ነውና ቅዳሴ ሳይወጣ የሚቀመስ ነገር አትጠብቁ። ቆሎ ወይም በሶ ይዞ መሄድ፣ እርሱንም ቢሆን ከሰው ፊት ራቅ ብሎ መብላት ነው። ጃኬትም አይረሳ፤ ጣና 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ የራሰ ልብስ ብርዱ ማታ ላይ አጥንት ድረስ ይዘልቃል።

የፎገራን ሜዳ በክረምት በእግሬ አቋርጣለሁ የሚል ካለ ግን ይቅርበት። ርብና ጉማራ ሲሞሉ ሜዳውን ያጥለቀልቁታል፤ ዋልካው ከእግር ላይ ጫማ ይነጥቃል። ያ ውኃ ለሩዙ ይመቸው፣ እኛ በደረቁ እንሂድ።

ደግሞ ብቻ መጓዝ ማለት ደብዛ አጥፍቶ መሄድ አይደለም። የመንገዱ ሰላም ካልተረጋገጠ አይወጣም። የት እንደማድር ለአንድ ሰው ሳልናገር የባሕር ዳርን በር አላልፍም፤ በመንገድም ያገኘሁትን ገበሬ «ወዲያ ማዶ እንዴት ነው?» ሳልል አልሻገርም። ጎርፍ የበላውን መሻገሪያ ከማንም በፊት የሚያውቀው እርሱ ነው።

አሁን ወደ ጀልባ ባለቤቶች ልምጣ፤ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆጣ። ብቻውን የመጣ ሰው የሙሉ ጀልባ ዋጋ ይጠየቃል። ነዳጁ በተሳፋሪ ቁጥር እንደማይቀንስ አውቃለሁ፣ ኪሳራ ግቡ አልልም። ነገር ግን በአንዱ ሆቴል አንድ፣ በሌላው ሁለት እንግዳ አድሮ፣ ሦስቱም ዋጋውን ሰምተው ዘጌን ሳያዩ ሲመለሱ ጀልባውም እንደታሰረ ይውላል። ይህ ለማን ጠቀመ?

ሆቴሎች ማታ ማታ ወደ ዘጌ መሄድ የሚፈልገውን ይመዝግቡ፤ ጠዋት ሁሉም በአንድ ጀልባ ይሳፈር፣ ሒሳቡን ይካፈል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ተነሥቶ ሐይቁ ሳይናወጥ ይመለሳሉ። ሰው ካልሞላም እንግዳው በየብስ መንገድ እንዳለ ይነገረው፤ ጀልባችን እንዳይቀርብን ብለን አንደብቀው። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው አንድ ደብተርና አንድ ስልክ ነው። መዝገቡን ለመጀመሪያው ክረምት የሚይዝ ሆቴል ካለ አሁን ከመድረክ ስወርድ ያነጋግረኝ፤ ደብተሩን እኔ እገዛለሁ።

አመሰግናለሁ።