አውሎ ነፋሱ መምጣቱ ታውቆ ነበር

(ምስል፦ ከሳተላይት የታየ አውሎ ነፋስ ወደ ሞዛምቢክ ሲጠጋ)

ኢዳይ የተባለው አውሎ ነፋስ የሞዛምቢኳን የወደብ ከተማ ቤይራን የመታው እ.ኤ.አ. ማርች 14፣ 2019 ሌሊት ነው። ዱብ ዕዳ አልነበረም። የትንበያ ባለሙያዎች ከቀናት በፊት አካሄዱን እየተከታተሉት ነበር፤ ማስጠንቀቂያም ወጥቷል። ታዲያ በሞዛምቢክ ብቻ ከ600 በላይ ሰው እንዴት አለቀ?

ብዙው ሰው የጠበቀው ነፋስ ነው። ነፋስን ደግሞ ያውቀዋል፤ በር ዘግቶ ቤቱ ይቀመጣል። ነፋሱ አለፈ፣ ውሃው ተከተለ። የቡዚና የፑንግዌ ወንዞች ከአልጋቸው ወጥተው ሜዳውን ሐይቅ አደረጉት። ከነፋሱ የተረፈው ሰው ጣሪያና ዛፍ ላይ ተንጠልጥሎ ጀልባና ሄሊኮፕተር ሲጠብቅ ቀናት አለፉ። እነዚህን ሰዎች “ለምን አልሸሹም” ብሎ መውቀስ ግፍ ነው። ስለ ነፋሱ ፍጥነት ሰምተዋል። ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ፣ ወዴት መሄድ እንዳለባቸው ግን በቅጡ የነገራቸው ጥቂት ነው።

(ምስል፦ አንድ ሰው በብስክሌት፣ ሜጋፎን ትከሻው ላይ)

ሞዛምቢክ ይህን ችግር ቀድማ ታውቀዋለች። እ.ኤ.አ. በ2000 ሊምፖፖ ወንዝ ሞልቶ 700 ያህል ሰው ሞቷል። ያኔ አንዲት እናት ዛፍ ላይ ሆና ወልዳለች። ከዚያ በኋላ አገሪቱ በየመንደሩ የአደጋ ኮሚቴ ማቋቋም ያዘች። አባላቱ እዚያው የሚኖሩ ገበሬዎችና አስተማሪዎች ናቸው፤ ደመወዝ የላቸውም። ዕቃቸው ፊሽካ፣ ሬዲዮ፣ ሜጋፎንና ባንዲራ ነው። ሰማያዊ ባንዲራ ከተሰቀለ አውሎ ነፋሱ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ሊደርስ ይችላል። ቢጫ ከሆነ ቀርቧል። ቀይ ከሆነ የቀረው ሰዓታት ነው፤ ሰው መጠለያ መግባት አለበት።

ማንበብ የማይችል ሰው ቀለም ያውቃል። የመንግሥት ሥራ በፖርቱጋልኛ ነው፤ የመንደሩ ሰው ግን ሴና ወይም ንዳው ይናገራል፤ የኮሚቴው ሰውም እንዲሁ። መኪና በድምፅ ማጉያ እየለፈፈ ቢያልፍ ሰው ከደጁ ወጥቶ ያያል፣ ተመልሶ ይገባል። የምታውቂው ጎረቤት በር አንኳኩቶ “ልጆቹን ያዢና ውጪ” ሲልሽ ግን ትነሻለሽ። የጠቅላላው ሥርዓት ጉልበት ያለው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

(ምስል፦ ብላንታየር፣ በኮረብታ ገደል ላይ የተደራረቡ ቤቶች)

እ.ኤ.አ. በ2023 ፍሬዲ የተባለ አውሎ ነፋስ መጣ። ከአውስትራሊያ አቅራቢያ ተነስቶ የሕንድ ውቅያኖስን አቋርጦ ከአምስት ሳምንት በላይ ቆየ፤ እስካሁን ከተመዘገቡት ሁሉ ረጅም ዕድሜ የነበረው እሱ ነው። ሞዛምቢክን ሁለቴ መታ። የከፋው ግን ማላዊ ላይ ሆነ። በብላንታየር የሶቼ ኮረብታ ከላይ ተንዶ ጭቃና ቋጥኝ የቺሎብዌ ሰፈርን ቤቶች ሌሊት ዋጣቸው። በማላዊ የሞተውና የደረሰበት ያልታወቀው ሰው ከ1,000 በላይ ነው።

ዝናቡ እጅግ ከባድ ስለነበር ሁለቱን አገሮች ዝም ብሎ ማወዳደር አይቻልም። ግን ኮረብታው ዛፉ ለከሰልና ለማገዶ ተጨፍጭፎ ራቁቱን ነበር። ድሃው እዚያ የሠራው ሜዳው ላይ መሬት መግዛት ስለማይችል ነው። “ከዚያ ተነሱ” ማለት ቀላል ነው፤ ወዴት እንደሚሄዱ ካልተነገራቸው ግን ማስጠንቀቂያው ግማሽ ነው።

(ምስል፦ ቤይራ፣ የቺቬቬ ወንዝ)

ቤይራ በበኩሏ ሌላ ሥራ ሠርታለች። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው ቺቬቬ ወንዝ በደለልና በቆሻሻ ተዘግቶ ነበር። ተጠረገ፣ ዳር ዳሩ ማንግሮቭ የሚባል በጨዋማ ውሃ ዳር የሚበቅል ዛፍ ተተከለ፣ ባሕሩ ሲሞላ ውሃው ወደ ከተማ እንዳይገባ የሚዘጋ በር ተሠራ። የዝናብ ውሃው አሁን መውጫ አለው፤ ዳርቻው ደግሞ ሰው የሚዝናናበት መናፈሻ ሆኗል።

ለእንዲህ ዓይነት ሥራ ገንዘብ ማግኘት ግን ከባድ ነው። ሰው ጣሪያ ላይ ሆኖ በቴሌቪዥን ሲታይ እርዳታ ይጎርፋል። ወንዝ ለመጥረግና ለኮሚቴው ሜጋፎን ባትሪ ለመግዛት ግን፣ ፀሐይ በወጣበት ወር፣ በጀት ለምኖ ማስፈቀድ ግድ ነው።