ዩዝድ ቱ፦ «እሠራ ነበር» ወይስ «ለምጃለሁ»?

ስክሪን ላይ፦ አንድ ወጣት ለሥራ ቃለ መጠይቅ ተቀምጧል።

ተራኪ፦ ጠያቂው «ሌሊት መሥራት ትችላለህ?» ይለዋል። ልጁ የሌሊት ሥራ ምንም አይመስለውም፤ ዓመታት በሌሊት ፈረቃ ስለቆየ ሰውነቱ ራሱ ለምዶታል። በሙሉ ልብ በእንግሊዝኛ «አይ ዩስቱ ወርክ አት ናይት» ብሎ ይመልሳል። ጠያቂው ራሱን ነቅነቅ ያደርግና ማስታወሻው ላይ አንድ ነገር ጽፎ ወደ ሌላ ጥያቄ ያልፋል። ምን የጻፈ ይመስላችኋል? «ድሮ ሌሊት ይሠራ ነበር፤ አሁን ትቷል።»

ልጁ ማለት የፈለገው «ለምጃለሁ» ነበር። የተሰማው ግን «እሠራ ነበር» ነው። የጎደሉት ሁለት ትናንሽ ነገሮች ናቸው፦ ከፊት «አም»፣ ከኋላ «ኢንግ»። «አይ አም ዩስቱ ወርኪንግ አት ናይት» ቢል ኖሮ አለቀ።

ስክሪን ላይ፦ ዩ፣ ኤስ፣ ኢ፣ ዲ፤ ከዚያ ቱ።

ተራኪ፦ ብዙ ጊዜ በአፍ «ዩስቱ» የምትባለዋ ዩዝድ ቱ ስትጻፍ አንድ ናት፣ ሥራዋ ግን ሦስት ነው። ብዙ ጊዜ ሦስቱን በአንድ ሰንጠረዥ ደርድረው «በቃ ሸምድዱ» ይሉናል። እኔ በዚህ አልስማማም። ሰንጠረዡ ነገ ይረሳል። ከሥሩ ያለውን ነገር የያዘ ሰው ግን አይሳሳትም።

በመጀመሪያው እንጀምር። ድሮ እናደርገው የነበረ፣ አሁን ግን የቀረ ነገር። «አይ ዩስቱ ስሞክ» ማለት «አጨስ ነበር» ነው፤ አሁን አላጨስም። «ዚስ ዩስቱ ቢ ኤ ስኩል» ማለት «ይህ ድሮ ትምህርት ቤት ነበር»። ከኋላዋ የሚመጣው ግሥ ምንም አይጨመርበትም፣ እንዳለ ነው የሚቀመጠው፦ ስሞክ፣ ወርክ፣ ሊቭ፣ ቢ። ለአሁን ጊዜ ደግሞ አትሆንም። «ብዙ ጊዜ ሌሊት እሠራለሁ» ለማለት «አይ ዩዡዋሊ ወርክ አት ናይት» ነው። «አይ ዩዝ ቱ ወርክ» የሚባል ነገር በዛሬው እንግሊዝኛ የለም። ከጥቂት መቶ ዓመታት በፊት ነበረ፣ ጠፋ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልብ በሉ። የእኛ «ነበር» ብዙ ሥራ አለባት። «ስትደውሉልኝ ቡና እጠጣ ነበር» ስል ስልኩ ሲጠራ ስኒው እጄ ላይ ነው። «ቡና ቢኖር እጠጣ ነበር» ስል ቡናውም የለም፣ የተጠጣም ነገር የለም። «ተማሪ ሳለሁ ቡና እጠጣ ነበር» ስል ደግሞ የድሮ ልማዴን መናገሬ ነው። በሦስቱም ላይ «እጠጣ ነበር» ያው እጠጣ ነበር ነው፤ እንግሊዝኛ ግን ሦስት ቦታ ይከፍለዋል። የመጀመሪያው «አይ ዋዝ ድሪንኪንግ»፣ ሁለተኛው «አይ ዉድ ሃቭ ድራንክ»፣ ሦስተኛው ብቻ «አይ ዩስቱ ድሪንክ»። ስለዚህ «ነበር» ባያችሁ ቁጥር ዩዝድ ቱን አትምዘዙ። መጀመሪያ «ይህ የድሮ ልማድ ወይም የድሮ ሁኔታ ነው ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ።

«አልነበረም» ብላችሁ ስታፈርሱና ስትጠይቁ «ዲድ» ይገባል፤ የኃላፊ ጊዜውን ሸክም እሱ ስለሚወስደው ከቃሉ መጨረሻ ያለው ዲ ይወድቃል። «አይ ዲደንት ዩዝ ቱ ላይክ ኢት»፣ «ዲድ ዩ ዩዝ ቱ ሊቭ ሂር?» ሲነገር ዲ ኖረ አልኖረ ልዩነቱ አይሰማም፣ ቀጥሎ ያለው ቱ ይውጠዋል። ለዚህ ነው አፋቸውን በእንግሊዝኛ የፈቱት ራሳቸው ሲጽፉ ዲውን የሚረሱት ወይም ያለቦታው የሚጨምሩት።

ስክሪን ላይ፦ አይ አም ዩስቱ ኢት።

ተራኪ፦ አሁን ወደ ዋናው ጣጣ። «ለምጃለሁ»። በአማርኛ መልመድ ግሥ ነው፦ ለመድኩ፣ ለመደ፣ ለመዱ። ኃላፊ ጊዜ ስለሚመስለን ወደ እንግሊዝኛ ስንሄድ «አይ ዩስቱ» ብለን እንወረውራለን። በእንግሊዝኛ ግን እዚህ ቦታ ላይ ዩስቱ ቅጽል ናት፣ «የለመደ» እንደማለት። ቅጽል ደግሞ ብቻውን አይቆምም፣ «ቢ» ያስፈልገዋል፣ ማለትም አም፣ ኢዝ፣ ዋዝ የመሳሰሉት። «አይ ታየርድ» እንደማትሉት ሁሉ «አይ ዩስቱ ኢት» አትሉም። «አይ አም ታየርድ»፣ «አይ አም ዩስቱ ኢት»። ጊዜውን የሚቀይረውም ይኸው «ቢ» ነው። «አይ ዋዝ ዩስቱ ኢት» ካላችሁ «ለምጄው ነበር» ማለት ነው።

ቀጥሎ «ቱ»። እውነቱን ለመናገር ምስጢሩ ያለው እዚህች ጋ ነው። በ«አይ ዩስቱ ወርክ» ውስጥ ያለችው ቱ ከግሡ ጋር የምትሄደዋ ናት፣ «ቱ ወርክ»። በ«አይ አም ዩስቱ» ውስጥ ያለችው ግን መስተዋድድ ናት፤ ከኋላዋ ስም ነው የምትፈልገው። ስም ካለ እሰየው፦ «ሺ ኢዝ ዩስቱ ኖይዝ»፣ ጫጫታ ለምዳለች። ግሥ ማስገባት ከፈለጋችሁ ግን ግሡን ስም ማድረግ አለባችሁ፣ ያንን የሚያደርገው ኢንግ ነው። ወርክ ወርኪንግ ይሆናል፣ ልክ እኛ «ሠራ» የሚለውን «መሥራት» እንደምናደርገው። «ሌሊት መሥራት ለምጃለሁ» ስንል «መሥራት» አልን እኮ፤ እንግሊዝኛውም ያው ነው።

ከተጠራጠራችሁ ከቱ ቀጥሎ ያለውን ሁሉ አጥፉና በቦታው «ኢት» አድርጉ። ዓረፍተ ነገሩ ካልተበላሸ የያዛችሁት የመልመዱን ነው፣ ኢንግ ይገባዋል። «አይ ዩስቱ ኢት» ግን ወዲያው ይሰበራል።

«ቢ» የሚለውን በ«ጌት» ስትተኩት ገና በመልመድ ላይ ያለ ነገር ይሆናል። «አይ አም ጌቲንግ ዩስቱ ኢት»፣ እየለመድኩት ነው። አዲስ ሥራ ለገባ ሰው «ዩ ዊል ጌት ዩስቱ ኢት» ይሉታል፣ ትለምደዋለህ። የ«ቱ» ጸባይ አይለወጥም።

ሦስተኛዋ በቶሎ ታልቃለች። «ዘ ናይፍ ኢዝ ዩዝድ ቱ ከት ብሬድ»፣ ቢላው ዳቦ ለመቁረጥ ያገለግላል። ይህቺ «ተጠቀመ» የሚለው ተራው ግሥ ናት። ድምጿን ስሙት። እዚህ ኤሷ «ዝ» ትላለች፣ ዲዋም ትሰማለች፦ ዩዝድ። በሁለቱ በፊተኞቹ ግን «ስ» ናት፣ ዩስቱ። በጽሑፍ ሲመጣባችሁ በኢት ፈትኑት። «ዘ ናይፍ ኢዝ ዩዝድ ቱ ኢት» ካላችሁ ቢላው የሆነ ነገር ለምዷል ማለት ነው፤ ቢላ አይለምድም።

ወደ መጀመሪያዋ አንዴ ልመልሳችሁ፣ ሁለት ነገር ቀርቶኛል። ርዝመቱ ወይም ብዛቱ ከተቆጠረ ዩስቱን ተዉት። «5 ዓመት እዚያ ኖርኩ» ለማለት «አይ ሊቭድ ዜር ፎር 5 ይርስ» በቂ ነው።

ሌላው «ዉድ» ነው። ይደጋገም የነበረ ድርጊት ከሆነና ወቅቱ አስቀድሞ ከተነገረ፣ «ልጅ ሳለን ማታ ማታ ተረት ይነግረን ነበር» በሚለው ዓይነት ላይ፣ ዉድም ዩስቱም ይሠራሉ፤ እንዲያውም ትረካ ላይ ዉድ ያምራል። ድርጊት ሳይሆን ሁኔታ ሲሆን ግን ዉድ አይሆንም። «ረጅም ፀጉር ነበረኝ» ለማለት «አይ ዩስቱ ሃቭ ሎንግ ሄር» ነው። «አይ ዉድ ሃቭ ሎንግ ሄር» ብላችሁ ዝም ካላችሁ፣ ሰሚው «ምን ቢሆን?» ብሎ የቀረውን ይጠብቃል።