«ደህና ነኝ» የምትለው ቃል

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አብራችሁ የመጣችሁ ቤተሰቦች፣ ዓመቱን ሙሉ በነፃ ያገለገላችሁን የሕግ ባለሙያዎች፣ እንኳን ወደ ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በደህና መጣችሁ።

የሥራ ክንውኑንም ሒሳቡንም ጸሐፊያችንና ሒሳብ ሹማችን ያቀርቡላችኋል። እኔ የተሰጠኝን ጊዜ በአንድ ጉዳይ ላይ ብቻ ላውለው። የአካል ጉዳት አበል ስንጠይቅ ወደ ሕግ ባለሙያ የምንሄደው መቼ ነው? ውድቅ ከተደረገብን በኋላ ነው። ብዙዎቻችን ደግሞ ከዚያም ዘግይተን ነው የምንሄደው።

የአንዲት አባላችንን ነገር ፈቃዷን ጠይቄ ልንገራችሁ። ጀርባዋ ከተጎዳ ወዲህ ሥራ አቁማ ነበር። አበል ጠየቀች፤ ተከለከለች። የክልከላውን ደብዳቤ በፌስታል ይዛ ቢሯችን መጣች። ጠበቃችን በመጀመሪያ ያደረጉት የመዝገቧን ሙሉ ግልባጭ በጽሑፍ መጠየቅ ነበር። ሲመጣ ሦስት ሆነን ቅጠል በቅጠል ገለጥነው። በሐኪሙ ማስታወሻ ላይ «ታካሚዋ ደህና መሆኗን ገልጻለች» የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘን፤ አራት ቦታ። እሷ ወረቀቱን ትክ ብላ አየችውና «እንዴት ነሽ ሲለኝ ምን ልበለው ታዲያ? ደህና፣ ተመስገን አልኩት» አለች። በዚያ ቀን ጫማዋን ያጠለቀችላት ልጇ ነበረች። ጎንበስ ማለት አትችልም። ልጅቷ ከበሩ ውጭ ተቀምጣ ትጠብቃት ነበር፤ የጠየቃት ግን የለም። ለሰላምታ የተመለሰ መልስ ማስረጃ ሆኖ ተመዘገበ።

ይህ የእሷ ጥፋት አይደለም። ችግራችንን ለሰው መዘርዘር ይከብደናል። ነገር ግን አበል የሚወስነው ሰው እኛን አያየንም፤ የሚያየው ወረቀታችንን ነው። ወረቀቱ ላይ ያልሰፈረ ሕመም ለእሱ የለም ማለት ነው።

የሕግ ባለሙያ ቀድሞ ቢኖር ምን ይለወጥ ነበር? የበሽታው ስም ብቻውን አበል እንደማያስገኝ ይነግራት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2001 ያወጣው የአካል ጉዳት ምደባ የሚያየው የሕመሙን ስም ብቻ ሳይሆን ሰውየው በዕለት ኑሮው፣ ባለበት አካባቢ፣ ምን መሥራት እንደሚችልና እንደማይችል ነው። አበል ሰጪ መሥሪያ ቤቶችም፣ ሕጋቸው ቢለያይም፣ በአብዛኛው የሚጠይቁት ይህንኑ ነው። «የጀርባ ሕመም አለባት» የሚል የሐኪም ደብዳቤ ብዙ አይረዳም። ሳትነሣ ስንት ደቂቃ መቀመጥ ትችላለች? ምን ያህል ክብደት ታነሣለች? በወር ስንት ቀን ከአልጋ አትወርድም? መድኃኒቱ እንቅልፍ ያበዛባታል ወይ? ሐኪሙ ይህን ካልተጠየቀ አይጽፈውም፤ ክፉ ሆኖ ሳይሆን ጊዜ የለውም። ጥያቄዎቹን ጽፎ የሚልክለት ሰው ያስፈልጋል። የሴትዮዋ ጠበቃ ያደረጉት ይኸው ነው። የልጇን የምስክርነት ቃልም ጨመሩበት። ይግባኙ ተሰምቶ ውሳኔው ተሻረ።

አንድ ነገር ግን አደራ እላችኋለሁ። ያለውን እንናገር እንጂ የሌለውን አንጨምር። መዝገቡ ውስጥ አንዲት ሐሰት ከተገኘች እውነተኛውንም ሁሉ ይዛው ትወድቃለች።

ይግባኝ ማለት ነገረኛነት የሚመስላቸው አባላት አሉን። «ከመንግሥት ጋር እንዴት እከራከራለሁ?» ይሉኛል። ይግባኝ ደጅ ጥናት አይደለም። የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ቁጥር 102 ስምምነት፣ እ.ኤ.አ. በ1952 የወጣው፣ በአንቀጽ 70 ላይ አበል የተከለከለ ሰው፣ ወይም በአበሉ ዓይነትና መጠን ቅር የተሰኘ ሰው፣ ይግባኝ የማለት መብት እንዳለው ይደነግጋል። እ.ኤ.አ. በ2006 የጸደቀው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነትም በአንቀጽ 28 የማኅበራዊ ጥበቃን፣ በአንቀጽ 13 ፍትሕ የማግኘትን መብት አስፍሯል። ይግባኙ በሚሰማበት ቦታ የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ፣ በብሬይል የተጻፈ ሰነድ ወይም ተሽከርካሪ ወንበር የሚያስገባ ክፍል የምትፈልጉ ሰዎች ውለታ እየለመናችሁ አይደለም። ቀኑ ከመድረሱ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ፤ የጠየቃችሁበትን ግልባጭም አስቀሩ።

አሁን የራሴን ልናገር። የእኔ የክልከላ ደብዳቤ ሲመጣ የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ፤ «ጥያቄዎ ተቀባይነት አላገኘም» ይላል። አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት። እንደገና ላየው አቅም አልነበረኝም። የይግባኙ ቀነ ገደብ የተጻፈው በሁለተኛው ገጽ ላይ ነበር። ደብዳቤውን ባወጣሁበት ጊዜ ቀኑ አልፏል፤ እንደ አዲስ አመለከትኩ። በኋላ ተፈቀደልኝ፤ በመካከል ያለፉት ወራት አበል ግን ቀረ። ስለዚህ ደብዳቤ ሲመጣላችሁ ማንበብ ባትችሉ እንኳ ለአንድ ሰው ስጡ። ፖስታውን አትጣሉት፤ የመጣበት ቀን ያስፈልጋል። ቀኑ የሚቆጠረው ከተጻፈበት ይሁን ከደረሳችሁ፣ ይህን ጠበቃው ይየው። ቀድሞ ሲከፈላችሁ የነበረ አበል ከተቋረጠ ደግሞ ወዲያውኑ ጠይቁ፤ ይግባኙ እስኪወሰን ክፍያው የሚቀጥልበት አሠራር በአንዳንድ ቦታ አለ፣ የሚጠየቅበት ጊዜ ግን አጭር ነው።

ስለ ክፍያ ብዙ ጥያቄ ይመጣልናል። ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡ ድርጅቶች፣ የሕግ ትምህርት ቤት ማዕከላትና የሠራተኛ ማኅበራት በቅድሚያ ይሞከሩ። ከፋይ ጠበቃ ከያዛችሁ ውሉ በጽሑፍ ይሁን። ድርሻው በመቶኛ ከሆነ ከምኑ ላይ እንደሚታሰብ፣ ከተከማቸው ውዝፍ ብቻ ነው ወይስ ከወደፊቱም፣ ብትሸነፉ የሐኪም ሪፖርትና የግልባጭ ወጪ የማን እንደሚሆን ሳትፈርሙ ጠይቁ። «በእርግጠኝነት አስፈቅድልሃለሁ» የሚላችሁ ሰው ጠበቃም ይሁን ጉዳይ አስፈጻሚ፣ ከእሱ ራቁ። የሌላ ሰው ውሳኔ በእጁ የለም።

ሥራ አመራሩ ለዛሬው ጉባኤ የሚያቀርበው የውሳኔ ሐሳብ ከዚህ ሁሉ የመጣ ነው። ማንኛውም አባል የመጀመሪያውን ማመልከቻ ከመፈረሙ በፊት አንድ የሠለጠነ አባል አብሮት ይቀመጥ፤ ወረቀቱን አንድ የሕግ ባለሙያ ይየው፤ ወደ ሐኪም ሲሄድም የሚከብደውን ሁሉ የጻፈበት ወረቀት በእጁ ይኑር። ለዚህ ፈቃደኛ የሆናችሁ ከሻይ ዕረፍት በፊት ስማችሁን በር ላይ አስመዝግቡ። የሕግ ባለሙያዎቻችንም በወር ምን ያህል ሰዓት እንደምትችሉ ንገሩን፤ ጥቂትም ቢሆን ቀኑን አውቀን እንድንደለድለው ነው።

የጠቀስኳት አባላችን ዛሬ ከልጇ ጋር እዚህ አለች። መዝገቡን ከእሷ በላይ የሚያውቀው ስለሌለ ከሰዓት በኋላ ያለውን ሥልጠና የምትመራው እሷ ናት።

ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በይፋ ተከፍቷል። ጸሐፊያችን ወደ መድረኩ ይምጡ።