ዝርዝሩ ሞልቶ ቅርጹ ሲሳሳት፦ የጦር ታንክ ሞዴልን እንዴት እንመዝናለን?

[ምስል፦ መዳፍ ላይ የተቀመጠች ትንሽ ታንክ። ከጎኗ ማስመሪያ።]

ይህች በመዳፌ ላይ የምታዩዋት ታንክ ሲቪ 33 ትባላለች። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር ካሰለፋቸው ታንኮች ዋነኛዋ ናት። ሞዴሏ ከፊት እስከ ኋላ 9.1 ሳንቲ ሜትር ነው። ስፋቷ 4 ሳንቲ ሜትር፣ ቁመቷ 3.7።

ጤና ይስጥልን ወዳጆች፣ ከጅማ ነው የማወራችሁ። ዛሬ የምናየው የጦርነት ዘመን ታንኮችን ሞዴል ነው። አንድ ሞዴል እውነተኛውን ተሽከርካሪ በትክክል አሳየ የሚባለው መቼ ነው? የእኔን አቋም ከወዲሁ ልናገር። የቁራጭ ብዛት አያታልላችሁ። ዛሬ ከ1000 በላይ ቁራጭ የያዙ ኪቶች (ገጣጥመን የምንሠራቸው የሞዴል ስብስቦች) አሉ። የሹፌሩ ወንበር፣ ሞተሩ፣ የጥይት መደርደሪያው ሳይቀር ተሠርቶ ይመጣል። ይህ ሁሉ ኖሮ የታንኩ ጣሪያ ሁለት ሚሊ ሜትር ከፍ ካለ ግን፣ የሠራችሁት ሌላ ታንክ ነው። መጀመሪያ ቅርጽና ልኬት ይስተካከል። ዝርዝሩ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

[ምስል፦ ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ የሚሠራ ስሌት]

ስሌቱ ቀላል ነው። በታንክ ሞዴል በጣም የተለመደው ስኬል፣ ማለትም ሞዴሉ ከእውነተኛው የሚያንስበት ልክ፣ 1 ለ 35 ነው። እውነተኛውን ልኬት ለ35 ታካፍላላችሁ፣ አለቀ። 1 ሜትር ከ75 የሆነ ሰው 5 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ወደ ኋላ ስትመለሱ ደግሞ፣ ሞዴሉ ላይ የሳታችኋት 1 ሚሊ ሜትር እውነተኛው ታንክ ላይ ሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ናት።

ለምን 35 ሆነ? ይህን ታሪክ በጣም እወደዋለሁ። የጃፓኑ ሞዴል አምራች ታሚያ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ የጀርመኑን ፓንተር ታንክ በሞተር የሚሄድ ሞዴል አድርጎ ሠራ። ሞተሩና ሁለት የባትሪ ድንጋይ ሆዱ ውስጥ መግባት ነበረባቸው። መጠኑን የወሰነው ይኸው ነው። ኋላ ሌሎች ታንኮች በዚያው ስኬል ሊሠሩ ፈልገው ፓንተሩን ሲለኩት፣ ከእውነተኛው 35 ጊዜ ያህል ያነሰ ሆኖ ተገኘ። በዚያው ቀጠሉ። ሌሎች አምራቾችም ተከተሏቸው።

ያ የሞተር ዘመን ግን ኪቶቹ ላይ ምልክቱን ትቷል። ለሞተርና ለማርሽ ቦታ ሲባል አካላቸው የተለጠጠ አሮጌ ኪቶች አሉ። ከሥር የማብሪያ ማጥፊያ ቀዳዳ ታገኛላችሁ። ከሰንሰለቱ በላይ ያለው ክፍል ወለል የሌለው ባዶ ሆኖ የቀረም አለ። እንዲህ ዓይነት ኪት በሰው በሰው ተልኮ እጃችሁ ከገባ አትናቁት። ቀዳዳው በቀላሉ ይደፈናል። ስፋቱን ግን ሳትለኩ ሙጫ አትክፈቱ።

[ምስል፦ ፈረንጅ አራዳ፣ መንገድ ዳር የቆመች ባጃጅ]

ወደ ሲቪ 33 እንመለስ። እውነተኛዋ ታንክ ቁመቷ 1.3 ሜትር ገደማ ነበር። ይህችን ፈረንጅ አራዳ የቆመች ባጃጅ አስተውሉ። ታንኳ ከባጃጇ ጣሪያ በታች ናት! ስፋታቸው ይቀራረባል። ታንኳ በርዝመት ትበልጣለች፤ 3.2 ሜትር አካባቢ ናት። ውስጧ ሁለት ሰው ጎን ለጎን ተጠጋግቶ ይቀመጣል፣ ሹፌሩና ተኳሹ። ታንክ ሲባል ግዙፍ ነገር ስለሚታየን፣ ከካርቶን ስንሠራት እጃችን ከፍ ወደ ማድረግ ይሄዳል። እዚህ ላይ ማስመሪያውን እንጂ ዓይናችንን አንመን።

ይህን ያህል የምጨነቅበት ምክንያት አለኝ። የዚህች ታንክ ቅርጽ የታሪካችን አካል ነው።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የልዑል ራስ እምሩ ጦር ተከዜን ተሻግሮ ደምበጉና በተባለው ጠባብ የተራራ በር ላይ ከጣሊያን ጦር ጋር ገጠመ። ጣሊያኖቹ እነዚህን ታንኮች ይዘዋል። የታንኮቹ ብረት በወፈረበት ቦታ 14 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ከፊት ለፊት በጠመንጃ መጋፈጥ ከባድ ነው። ነገር ግን ከላይ የሚዞር ማማ የላቸውም። መትረየሱ የተተከለው ከፊት፣ በግራ በኩል (ውስጥ ከተቀመጠው ሰው አንጻር)፣ ብረቱ ውስጥ ነው። ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚንቀሳቀሰው ጥቂት ዲግሪ ብቻ ነው። ወደ ጎን ለመተኮስ ታንኩ ራሱ መዞር አለበት። የራስ እምሩ ሰዎች ከጎንና ከኋላ መጡባቸው። በጠባቡ በር ውስጥ መንገዱ በድንጋይ ሲዘጋ ታንኮቹ መዞሪያ አጡ። ጣሊያን በዚያ ቀን ታንኮቹን ደምበጉና ላይ ጥሎ ቀረ።

[ምስል፦ የሞዴሏ ፊት በቅርበት፤ ጣት የመትረየሱን ቦታ ያሳያል]

እንግዲህ ሞዴሏን በዚህ ዓይን እዩዋት። መትረየሱ መሃል ላይ ከተተከለ፣ ወይም እንደልቡ ዙሪያውን የሚዞር ከመሰለ፣ ያንን ሞዴል ያየ ልጅ ደምበጉና ላይ የሆነውን ሊገባው አይችልም። ቡሎኖቹ ሁሉ ተቆጥረው ቢሠሩ እንኳ ይህን አይክሱም። ለእኔ ትክክለኛነት ማለት በዋናነት ይህ ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «የትኛዋ ሲቪ?» የሚል ነው። የመጀመሪያዎቹ አንድ 6.5 ሚሊ ሜትር መትረየስ ነበራቸው። ኋላ ላይ ሁለት 8 ሚሊ ሜትር መትረየሶች ጎን ለጎን ተደረጉ። ሲቪ 35 የምትባለው ታናሿ ደግሞ ብረቷ በቡሎን የታሰረ ነው። ብሮንኮ የተባለው አምራች ሁለቱንም በ1 ለ 35 አውጥቷቸዋል። ስለዚህ አንድ ፎቶ ምረጡ። አንድ ታንክ፣ በአንድ ቦታ፣ በአንድ ቀን። ያንን ሥሩ። ከአሥር ፎቶ የተለቃቀመ ታንክ በየትኛውም ቀን፣ በየትኛውም ቦታ ያልነበረ ታንክ ነው።

አምራቾቹስ ለምን ይሳሳታሉ? አንዳንዱ ስሕተት ከንድፍ ይመጣል። አንድ ሰው ድሮ ከፎቶ ገምቶ የሳለውን ንድፍ ሌላው እንደ እውነት ይወስደዋል። ንድፉ መጽሔት ላይ ይወጣል፣ ከዚያ ኪት ይሆናል። ሙዚየም ሄዶ መለካትም ቢሆን ሙሉ ዋስትና አይሆንም። ሙዚየም ያለ ታንክ ከሌላ ታንክ በተነቀለ መለዋወጫ ተጠግኖ ሊሆን ይችላል። የሁለት የተለያዩ ዓመታት ክፍል አንድ አካል ላይ ተገጥሞ ይቆማል። ዘመናዊው የሌዘር መለኪያ ያየውን በታማኝነት ይገለብጣል፤ የተሳሳተውን መለዋወጫ ጭምር።

ከዚያ ደግሞ ፕላስቲኩ የራሱ ሕግ አለው። የቀለጠ ፕላስቲክ በኃይል ተገፍቶ የብረት ሞልድ (ቅርጽ ማውጫ) ውስጥ ይገባል። ሲቀዘቅዝ ቁራጩ ሳይሰበር መውጣት አለበት። ለዚህ ሲባል ቀጥ ብሎ መቆም የሚገባው ግድግዳ በትንሹ ዘንበል ይደረጋል። በጎን በኩል ያለ ሪቬት (ብረት ከብረት የሚያያይዝ የምስማር ራስ) ቁራጩ ሲወጣ ይይዛል። ስለዚህ ድሮ ከጎን ያለውን ዝርዝር ይዘሉት ነበር። አሁን ከጎን የሚንሸራተት ሞልድ ስላለ ይህ ችግር ቀሏል። ቁራጩን ገፍቶ የሚያስወጣው ዘንግ የሚተወው ክብ ጠባሳ ግን ዛሬም አለ። የሚታይ ቦታ ላይ ከሆነ ድፈኑና በብርጭቆ ወረቀት ፈትጉት።

የባሰው ውፍረት ነው። የታንክን ፓራፋንጎ አስቡ። 2 ሚሊ ሜትር ላሜራ ነው እንበል። ለ35 ሲካፈል 0.06 ሚሊ ሜትር ይመጣል። ፕላስቲክ እንዲህ ቀጥኖ አይወጣም። አምራቹ 1 ሚሊ ሜትር ካደረገው፣ ታንካችሁ የሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ብረት ፓራፋንጎ አደረገ ማለት ነው። ለዚህ ነው ስስ የናስ ቁራጮች ከኪት ጋር የሚመጡት። በአሲድ ተበልተው ስለሚቆረጡ በጣም ደቃቅ ቅርጽ ይወጣቸዋል። ለፓራፋንጎ፣ ለወንፊት፣ ለማሰሪያ ቀበቶ የሚስተካከላቸው የለም። ክብ የሆነ ነገር ላይ ግን አይሆኑም። ጠፍጣፋ ናስ እጀታ መስሎ ሲለጠፍ አይቻለሁ፤ ከፊት ሲያዩት ደህና ነው፣ ከጎን ሲያዩት ይጠፋል። ናስ ከሌላችሁ የፕላስቲኩን ጠርዝ ብቻ ከውስጥ በኩል ፈትጋችሁ አሳሱት። ዓይን የሚያየው ጠርዙን ነው።

[ምስል፦ የኤም 11/39 ንድፍ ከፊት ለፊት]

ወደ እኛ አካባቢ የሚቀርብ ሌላ ታንክ ላሳያችሁ። ኤም 11/39። 11 ክብደቱን በቶን፣ 39 ዓመቱን ያመለክታል። ጣሊያን ወደ ምሥራቅ አፍሪካ 24ቱን ልኮ ነበር። ይህ ማማ አለው። ታዲያ ማንም ሰው መድፉን ማማው ላይ ይጠብቃል። የለም! ማማው ላይ ያሉት ሁለት መትረየሶች ናቸው። 37 ሚሊ ሜትሩ መድፍ ከታች፣ አካሉ ላይ፣ በቀኝ በኩል ተተክሏል። ግንቦት 11 ቀን 1933 ዓ.ም. አሁን ሀላባ ቁሊቶ በምንላት ከተማ አጠገብ የጣሊያን ታንኮች በእንግሊዝ ወገን በተሰለፈው ጦር ላይ መልሶ ማጥቃት ከፈቱ። የእንግሊዝ ንጉሥ አፍሪካ ጠመንጃ ያዦች (ኪንግስ አፍሪካን ራይፍልስ) ጦር ባልደረባ የነበረው ሳጅን ናይጀል ሊኪ አንዱ ታንክ ላይ ዘሎ ወጣ። የማማውን ክዳን ገንጥሎ ከፈተና ውስጥ ባሉት ላይ በሽጉጥ ተኮሰ። ሹፌሩን አስገድዶ ታንኩን እንዲነዳ አደረገው። መድፉን ሊተኩስበት ሞክሮ ግን አልሠራለትም። ቀጥሎ ሌሎቹን ታንኮች ሲያሳድድ እዚያው ወደቀ። ቪክቶሪያ ክሮስ የተባለውን የእንግሊዝ ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳልያ ከሞተ በኋላ ተሸለመ። ይህን ታንክ የምትሠሩ ከሆነ የማማውን ክዳን ቦታና የመድፉን ቦታ ከሁሉ አስቀድማችሁ አረጋግጡ።

ቲ 55ን ደግሞ በአጭሩ። ብዙ ኢትዮጵያዊ የሚያውቀው ታንክ ስለሆነ ሳላነሳው አላልፍም። ቲ 54 ማማው ጣሪያ ላይ ከፊት በኩል ክብ የአየር ማስገቢያ ክዳን አለው። ቲ 55 የለውም። በአንደኛውና በሁለተኛው ጎማ መካከል ሰፊ ክፍተት ካያችሁ ከሁለቱ አንዱ ነው። ክፍተቱ የሰፋው ወደ ኋላ ባሉት ጎማዎች መካከል ከሆነ ያያችሁት ቲ 62 ነው። የጎማው ክብ ከዳር እስከ ዳር በእውነተኛው 81 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ሞዴሉ ላይ 23 ሚሊ ሜትር መምጣት አለበት።

[ምስል፦ ከጅማ ዳር የተቆፈረ ቀይ አፈር፣ ወንፊት]

ቀለምና ጭቃ ላይ ብዙ ሰው ይቸኩላል። የዚያ ዘመን ፎቶ ጥቁርና ነጭ ነው። በዚያን ጊዜ ይሠራበት የነበረ አንድ የፊልም ዓይነት ቀይን ስለማያይ ቀይ ነገር ጠቁሮ ይወጣል፣ ሰማያዊ ደግሞ ይነጣል። ስለዚህ ከፎቶ ላይ ጠቆር ያለ ነገር አይታችሁ «ጥቁር አረንጓዴ ነው» ብላችሁ አትደምድሙ።

አፈሩስ? እኛ ጋ ያለው ቀይ ቡናማ አፈር ያምራል፤ ሰንሰለት ላይ ሲያዩት ደግሞ ያጓጓል። ለደምበጉና ታንክ ግን አትጠቀሙበት። የተከዜ በረሃ ድንጋያማና ደረቅ ነው፣ ወሩም ታኅሣሥ ነበር። የሚያስፈልጋችሁ ፈዘዝ ያለ አቧራ ነው። ቀዩን ጭቃ ለ1933ቱ ዘመቻ አቆዩት። ጅማ ከጣሊያን እጅ የወጣችው ሰኔ 14 ቀን 1933 ዓ.ም. ነው። ዝናብ ነበር፣ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ነበር። ያኔ ወደዚህ የመጣን ተሽከርካሪ ስትሠሩ ከደጃችሁ ያለውን አፈር ተጠቀሙ። መጀመሪያ ግን በወንፊት፣ ከዚያ በስስ ጨርቅ ንፉት። 1 ሚሊ ሜትር የሆነች አሸዋ በ1 ለ 35 የሦስት ሳንቲ ሜትር ተኩል ጠጠር ናት።

ኪት የሌላችሁ ደግሞ አትጠብቁ። ሲቪ 33 ማማ ስለሌላት ከካርቶን ለመሥራት ከማንኛውም ታንክ ትቀላለች። አካሏ ጠፍጣፋ ገጾች ናቸው። 9.1 በ4 በ3.7 ሳንቲ ሜትር አድርጋችሁ ሳጥኗን ሥሩ። ተዳፋቶቹን ከጎን ከተነሳ ፎቶ ላይ ለክታችሁ ቁረጡ። የመትረየሱን አፈሙዝ ከመድኃኒት ቤት በተገዛ አዲስ የሲሪንጅ መርፌ ማድረግ ይቻላል። 23 ቁጥር መርፌ የውጭ ስፋቱ 0.64 ሚሊ ሜትር ነው፤ በእውነተኛው ልኬት 2.2 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። መሃሉ ክፍት ስለሆነ እንደ አፈሙዝ ቀዳዳም ይታያል። ስል ጫፉን በፋይል ሞርዱት፣ በወረንጦ ይዛችሁ በግራ በኩል ትከሉት። ሱፐር ግሉ ሲነካው ቀዳዳው እንዳይደፈን ሙጫውን ከኋላ ብቻ አድርጉ።